ሰው ሳይጠይቅ የማይነሳው ኮምፒውተር

ከትናንት ወዲያ ሐዋሳ ባለው መሥሪያ ቤታችን የኮምፒውተር ነገር የሚመለከተው ናትናኤል የሚባል ልጅ፣ ላፕቶፔን ገልብጦ የጀርባውን ክዳን በትንሽዬ መፍቻ ሲከፍተው ከውስጡ የሞቀ አቧራ ሽታ ወጥቶ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ናትናኤል ፊቱን አጨማዶ ወደ ጎን ዞረ፤ እኔ ግን ሽታው ሳልጠግበው እንዳያልፍብኝ ጠጋ አልኩ። ላፕቶፑ አርጅቷል፤ ቁልፉን ከተጫንኩት በኋላ ሥራ እስኪያስጀምረኝ ሰባት ደቂቃ ይፈጅበታል። ናትናኤል ሰዓት ይዞ ለክቶታል፤ እንዲህ ያለውን ነገር በእሱ ክፍለ ዘመን ሊደርስ የማይገባው ነውር አድርጎ ነው የሚያየው።

"የሺዬ፣ እንዴት ችለሽው ኖርሽ? ነገ ጠዋት ስጪኝና ዓይንሽን ጨፍነሽ ሳትገልጪ እንዲነሳ አደርግልሻለሁ" አለኝ። እሺ አልኩት። አፌ እሺ ይበል እንጂ ልቤ በአዶላና በወደራ አድርጎ ነገሌ ቦረና ገብቶ፣ የአባቴ የጽሕፈት ሱቅ ውስጥ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ነበር።

አባቴን ከተማው "ጋሽ ፈለቀ ጸሐፊው" ነው የሚለው። ነገሌ የመጣው በወታደርነት ነው፤ ወታደር ይባል እንጂ ጠመንጃው የጽሕፈት መኪና ነበር። የክፍሉን ደብዳቤ ሲመታ ኖሮ፣ ሠራዊቱ ተበትኖ ጓደኞቹ ወደየትውልድ አገራቸው ሲመለሱ እሱ ጎጃም መግባቱን ትቶ እዚያው ቀረ። እናቴን አገባ፤ እኔን ወለዱ፤ ስድስት ዓመት ሳይሞላኝ እናቴ ሞተችና ቤቱ ውስጥ እሱና እኔ ብቻ ቀረን። አባዬ ዝምተኛ ነበር። ዝምተኛ ስል ትንሽ የሚያወራ ማለቴ አይደለም፤ እራት ቀርቦ ተበልቶ እስኪነሳ ድረስ ከአፉ የወጣችው ቃል "ጨው አንሶታል" ከሆነች ያን ቀን ብዙ አወራ ማለት ነው። ያው ሰው ግን ወረቀት ከፊቱ ሲቀመጥ ሌላ ፍጡር ይሆናል፤ ለማያውቀው ሰው የሚጽፈው ማመልከቻ ድንጋይ ያስለቅሳል ይባልለት ነበር። እኔም በልጅነቴ፣ አባቴ እንዲያናግረኝ ማመልከቻ ማስገባት ይኖርብኝ ይሆን እያልኩ የማስብበት ጊዜ ነበር።

መጀመሪያ ላይ የጽሕፈት መኪናውን ይዞ ከአስተዳደሩ ግቢ ፊት ለፊት ግራር ሥር ነበር የሚቀመጠው። ኋላ ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከጉራጌው ነጋዴ ከሸምሱ ሱቅ ጎን አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየ፤ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ደግሞ ያገለገለ ኮምፒውተር ከአዲስ አበባ አስመጣ። ኮምፒውተሩ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ እንደ ታማሚ ሰው አውቶቡስ ላይ ወንበር ተይዞለት ነው የደረሰው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ እየተጋፋ መጥቶ አየው። የነገሌ ቀይ አቧራ ግን እንግዳ ነው ብሎ አያዝንም፤ በሦስት ወር ውስጥ ነጩ ሲፒዩ በርበሬ መሰለ። ሲሞቅ የሚሸተው ያ አቧራ ነው፤ ፀሐይ ላይ የዋለ የጭቃ ግድግዳ ዝናብ ሊመጣ ሲል የሚሸተውን ዓይነት ነገር።

ኮምፒውተሩን የተከለው ባለሙያ ከመሄዱ በፊት ለአባዬ አንድ ነገር አሳየው። የአማርኛ መጻፊያው ፕሮግራም በየቀኑ እየተፈለገ እንዳይከፈት አንድ ፎልደር ውስጥ ከተተለትና "ጋሼ፣ እዚህ ውስጥ የገባ ነገር ሁሉ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ራሱ ይከፈታል" አለው። ባለሙያው ይህን ብሎ መንገዱን ቀጠለ፤ አባዬ ግን ነገሩን ይዞት አደረ። ጦር ቤት ሳለ ጠረጴዛው ላይ ያላለቁ ጉዳዮች የሚቀመጡባት የእንጨት ሳጥን ነበረችው፤ ጠዋት ሲገባ እሷን ገልብጦ እያንዳንዱን ወረቀት በዓይኑ ሳያይ ሌላ ሥራ አይጀምርም ነበር። አሁን ኮምፒውተሩ ያችኑ ሳጥን ይዞለት የመጣ መሰለው። ስለዚህ ጉዳዩ ያላለቀለትን ሰው ማመልከቻ ሁሉ እየወሰደ እዚያ ፎልደር ውስጥ ያስገባ ጀመር፤ መልስ ሲመጣ ያወጣዋል። ችግሩ የሚገባው ብዙ፣ የሚወጣው ጥቂት መሆኑ ነው። በመጀመሪያው ወር ሦስት ነበሩ፤ ከዚያ ሰባት ሆኑ፤ እኔ ዘጠነኛ ክፍል ስገባ አርባ አንድ ደርሰው ነበር። ኮምፒውተሩም በየማለዳው አርባ አንድ ሰው በየተራ ሳያስገባ ለማንም ፊት አይሰጥም።

እኔ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ቁርሱን በምሳ ዕቃ፣ ሻዩን በፔርሙስ ይዤ ወደ ሱቁ እመጣለሁ፤ ሱቁ ከቤታችን ወደ ትምህርት ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ ነበር። ዕቃውን መልሼ ለሸምሱ ሚስት አደራ ሰጥቼ ነው ትምህርት ቤት የምገባው፤ ስለዚህ በልቶ እስኪጨርስ እጠብቀዋለሁ። አባዬ መጀመሪያ የሲፒዩውን ቁልፍ ይጫናል፤ ኮምፒውተሩ ያጉረመርማል፤ አቧራው መሽተት ይጀምራል፤ እኛም አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ፊታችንን ወደ ሞኒተሩ እናዞራለን። ከዚያ የመጀመሪያው ማመልከቻ ብቅ ይላል፤ ከነ ቀኑ፣ ከነ ጉዳዩ፣ ከነ ባለቤቱ ስም። ያኔ አባዬ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ከማለዳው ሁሉ የምጠብቃት ይህችን ነበር፤ ጉሮሮውን ከጠረገ ያወራል ማለት ነውና።

እንጀራውን እየጠቀለለ፣ ሻዩን ፉት እያለ፣ እያንዳንዱ ደብዳቤ ሲከፈት የባለቤቱን ነገር ይነግረኛል። በአሬሮ ከወንድሙ ጋር በአንድ የውሃ ጉድጓድ ተጣልቶ፣ ክሱን ሲያስጽፍ ግን ወንድሜን የሚያስከፋ ቃል እንዳትከት እያለ ያስቸገረውን ሰውዬ። ሚስቱ ሌላ ከተማ ተመድባ ዝውውር እየጠየቀ ሦስት ዓመት የጠበቀውን የወደራ መምህር፤ እሱ በእያንዳንዱ ማመልከቻ ላይ ሚስቴ ውብ ናት የሚል ዓረፍተ ነገር ካልገባ ብሎ ይሟገት ነበር። አንድ ጠዋት ደግሞ ከሜጋ የመጣ ሰው የጋብቻ ምስክር ወረቀት ጥያቄ ሲከፈት አባዬ ብቻውን ሳቀና፣ እናቴ ከማግባቷ በፊት በአንድ የጽሕፈት ዕቃ ሱቅ ተቀጥራ ትሠራ እንደነበር፣ እሱም የጽሕፈት መኪና ሪባን እንደሌላቸው እያወቀ ሦስት ጊዜ ሪባን ልግዛ ብሎ እንደሄደ፣ በአራተኛው እሷ ከአዲስ አበባ አስመጥታ እንደጠበቀችው ነገረኝ። ስለ እናቴ የማውቀውን ሁሉ የሰማሁት ኮምፒውተሩ ሲነሳ ነው። በሃያ ደቂቃው አካባቢ አርባ አንደኛው ይከፈታል፤ አባዬ ምሳ ዕቃውን ይከድናል፤ "በይ ሂጂ" ይለኛል፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እስከ ማግስቱ ማለዳ ድረስ ዝም ነው።

ከባለ ጉዳዮቹ ሁሉ ከነገሌ ወጣ ብሎ ካለ መንደር የምትመጣ አዴ ሎኮ የምትባል የቦረና ሴት ነበረች። ልጇ ከብት ከጫነ መኪና ጋር ወደ ሜጋ መስመር ሄዶ ከቀረ ዓመታት አልፈዋል፤ አባዬ በመንገዱ ላሉ ከተሞች ሁሉ የት እንደደረሰ የሚጠይቅ ደብዳቤ ጽፎላታል፤ ከአንዳቸውም መልስ አልመጣም። በየገበያው ቀን ማለዳ፣ ገበያ ከመግባቷ በፊት ትመጣና በሩ ላይ ቆማ ሰላምታዋን ትጀምራለች። "ናጋ? ናጋ ቡልተኒ? ሎን ናጋ? ቦካን ሮቤ?" ሰው ደህና አደረ፣ ከብቱስ፣ ዝናቡስ ዘነበ ወይ፤ አባዬ አንድ ላም ሳይኖረው "ናጋ፣ ናጋ" እያለ በትዕግሥት ይመልሳል። በአገሩ ደንብ ይህ ሁሉ ሳይጠየቅ ወደ ጉዳይ መግባት ብልግና ነው። ከዚያ እኛ አጠገብ ተቀምጣ ማንበብ በማትችለው ሞኒተር ላይ ዓይኗን ትተክላለች፤ አሥራ ሁለተኛው የሷ እንደሆነ ቆጥራ ታውቃለች። ሲከፈት አባዬ የልጇን ስም ጮክ ብሎ ያነባል፤ እሷ ራሷን ትነቀንቃለች፤ አለቀ፣ ዘንቢሏን አንስታ ወደ ገበያ ትሄዳለች። አንድ ቀን እንዲህ አለችው፤ "ጋሽ ፈለቀ፣ ይሄ ማሽን የጨዋ ልጅ ነው። እንደ ቦረና ሰው ሁሉን ሳይጠይቅ ሥራ አይጀምርም። አንቱ አስተማሩት?" አባዬ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ቀን ሲኮራ አላየሁትም።

እኔ ግን አፍር ነበር። አሥራ አራት ዓመቴ ነው፤ በዚያ ዕድሜ አባቱ የማያሳፍረው ልጅ የለም፣ የኔ አባት ደግሞ ሃያ ደቂቃ የሚነሳ ኮምፒውተር ነበረው። ከታች ሌላ የጽሕፈት ሱቅ ተከፍቶ ነበር፤ የሱ ኮምፒውተር ቁልፉ ሲነካ ይነሳል እየተባለ ይወራል። መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ደግሞ ያ ሰልፍ እንደ አዲስ ይጀምራል፤ ባለ ጉዳይ በር ላይ ቆሞ እያየ ምክሩን ያወርዳል። ሸምሱ ሙቀት ነው ብሎ ማራገቢያውን አዋሰ። አንድ የመኪና ረዳት በጎማ መንፊያ ነፋው፤ የወጣው አቧራ አንድ ቤት ይመርጋል። አንድ የቦረና ሽማግሌ ደግሞ ነገሩን እንደ ከብት ነው ያዩት፤ በድርቅ የከሳች ላም ጠዋት ብቻዋን መነሳት ስለማትችል ሰው ጅራቷን ይዞ ያነሳታል፣ ይህንንም ከኋላው የሚደግፈው ሰው ይፈልጋል አሉ። ሁሉም ሲያማርር አንድም ቀን ያላማረረው አባዬ ብቻ ነው። "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ብሎ ሻዩን ይጠጣል።

በዚያ ዓመት ትምህርት ቤታችን የኮምፒውተር ትምህርት ተጀመረ። ኮምፒውተሮቹ ጨርቅ ለብሰው ክፍል ተቆልፎባቸው ስለነበር የተማርነው ከመጽሐፍ ነው፤ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ሲነሳ የሚዘገይ ኮምፒውተር እንዴት እንደሚፈወስ የሚያስረዳ አንድ ገጽ ተኩል ነበር። ያችን ገጽ ተኩል እንደ ውዳሴ ማርያም ሸመደድኳት። ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ የሚነሳውን የማያስፈልግ ነገር ማጥፋት፤ የተጣለው የሚጠራቀምበትን ቅርጫት ባዶ ማድረግ። ለምን ሃያ ደቂቃ እንደሚፈጅ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። የማያስፈልግ የሚለውን ቃል ግን ማን ይወስነዋል ብዬ አልጠየቅኩም። መጽሐፉም አልጠየቀኝም።

አባዬ የድሮ የጦር ጓደኛው ወደራ ሞቶበት ለለቅሶ ሄደና ቁልፉን ለኔ ትቶ ሁለት ቀን ቆየ። ቅዳሜ ጠዋት ሱቁን ከፈትኩ። ልቤ እየዘለለ ነበር፤ አባቴን ላስደስተው፣ ከታችኛው ሱቅ ጋር ላስተካክለው፣ ተመልሶ ሲያየኝ ምን እንደሚል እያሰብኩ። አርባ አንዱ ተከፍተው እስኪያልቁ ጥርሴን ነክሼ ጠበቅኩ፤ ያ ሃያ ደቂቃ ብቻዬን ስቀመጥበት እንዴት ረጅም እንደነበር አስታውሳለሁ፣ ትርጉሙ ግን አልገባኝም። ከዚያ ሁሉንም ዘጋሁ፤ ፎልደሩን አገኘሁ፤ የአማርኛውን ፕሮግራም ትቼ አርባ አንዱን በአንድ ጊዜ መርጬ አጠፋሁ። ቅርጫቱንም እንደ ታዘዘው ባዶ አደረግኩ። አባዬ እዚያ ያስገባው የደብዳቤዎቹን ግልባጭ ነው ብዬ ነበር የማስበው፤ ዋናዎቹ ሌላ ቦታ አሉ ብዬ። ሌላ ቦታ ምንም አልነበረም። ቁልፉን መልሼ ስጫነው ኮምፒውተሩ በአንድ ደቂቃ ተነሳ፣ እኔም ብቻዬን አጨበጨብኩ። ከደብተሬ ግማሽ ወረቀት ቀድጄ በሰማያዊ ማርከር እንዲህ ብዬ ጻፍኩና ሞኒተሩ ጥግ ላይ ለጠፍኩ፤ "አባዬ፣ ያ ፎልደር ውስጥ ምንም ነገር እንዳታስገባ! ኮምፒውተሩ ይታመማል። የሺ"።

ሰኞ ጠዋት ቁርሱን ይዤ ስሄድ ምን እንዳደረግኩ አልነገርኩትም፤ ራሱ እንዲያየው ፈለግኩ። አባዬ ቁልፉን ተጫነ፣ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። ምሳ ዕቃው ገና አልተከፈተም ነበር ኮምፒውተሩ ሲነሳ። አባዬ ጠበቀ። ሞኒተሩ ላይ ግን ከሰማያዊ ሜዳ በቀር ምንም የለም።

"ሰዎቹስ?" አለኝ።

ሰዎቹ ነው ያለው፤ ደብዳቤዎቹ አላለም። አጠፋኋቸው፣ ያዘገዩት እነሱ ናቸው፣ አየኸው በአንድ ደቂቃ ሲነሳ፣ እያልኩ በአንድ ትንፋሽ አወራሁለት። የለጠፍኩትን ወረቀት አነበበ። ቀና ብሎ እኔን አየ፤ እኔ እየሳቅኩ ነበር። ዛሬ ሳስበው፣ ያን ሳቄን አይቶ ነው ሊል የነበረውን የዋጠው። "ጎበዝ፣ የኔ ልጅ" አለኝና ራሴን ዳበሰኝ፤ ቀጥሎ ሰዓቱን አየና "በይ ሂጂ፣ አሁንማ ምን ያስቆምሻል" አለ።

ምን እንዳጠፋሁ የገባኝ በገበያው ቀን ነው። አዴ ሎኮ መጣች፤ ሰውን፣ ከብቱን፣ ዝናቡን ጠይቃ ተቀመጠችና አሥራ ሁለት እስኪሞላላት ትጠብቅ ጀመር። ሞኒተሩ ባዶ ነው። "ማሽኑ ዛሬ ታሟል?" አለች፤ "ናጋ አላለም።" ወደ አባዬ፣ ከዚያ ወደኔ አየች። እኔ መሬት አየሁ። አባዬ አዲስ ገጽ ከፈተና መጻፍ ጀመረ። ከቀኑ አንስቶ እስከ ፊርማው ቦታ፣ ልጁ ሲሄድ የለበሰውን፣ ግንባሩ ላይ ያለችውን ጠባሳ፣ የመኪናውን ቀለም፣ አንድም ቃል ሳያጎድል አንድም ጊዜ ሳያቆም ጻፈው። በየቀኑ ሲያነበው ኖሮ በቃሉ ይዞታል። የሌሎቹንም ባለቤታቸው በመጣ ቁጥር እንዲሁ ከልቡ እያወጣ ጻፈላቸው። ነገሩን ከበር ላይ ሆኖ ያየው ሸምሱ ብቻ ነው "የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ" ብሎ የተናገረኝ፤ አባዬ እስኪሞት ድረስ አንድ ቀን አላነሳብኝም። ቢቆጣኝ ኖሮ ዛሬ ይቀለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉት ማለዳዎች ፈጣን ነበሩ። ምሳ ዕቃውን አስቀምጣለሁ፤ ቁልፉን ይጫናል፤ ኮምፒውተሩ ይነሳል፤ አባዬ በአንድ እጁ እየጎረሰ በሌላው ይጽፋል። ጎኑ ተቀምጬ አንድ ነገር እንዲል እጠብቃለሁ፤ ጉሮሮውን ግን አይጠርግም። አንዳንዴ እኔው "የወደራው መምህር ዝውውሩ ምን ደረሰ?" ብዬ እጠይቀዋለሁ። "ተሳካለት መሰለኝ" ይላል፤ በቃ። አባዬ ወረቀት ከፊቱ ካልመጣለት ማውራት የማይችል ሰው ነበር፤ እኔ ደግሞ ወረቀቱን ከፊቱ አንስቼበታለሁ። መልሰህ አስገባቸው፣ ልስማህ፣ ማለት ነበረብኝ። አፈርኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፤ ከዚያም ሐዋሳ ሥራ ያዝኩ፤ በስልክ ስንገናኝ "ደህና ነሽ? እኔም ደህና ነኝ" ካለኝ በኋላ የሁለታችንን ትንፋሽ እየሰማን ትንሽ ቆይተን እንዘጋለን። አባዬን የሚያህል ቅርብ ሰው አልነበረኝም፤ የሱን ያህል የናፈቅኩትም የለም፤ ይህ ሁለቱም በአንድ ሰው ላይ እንዴት ሊሆን እንደሚችል የሚያውቅ ያውቀዋል።

አባዬ ሲሞት ደርሼ አላገኘሁትም። ድንኳኑ ውስጥ በሦስተኛው ቀን አዴ ሎኮ በምርኩዝ ተደግፋ መጣች፤ በጣም አርጅታ ነበር። እጄን በሁለት እጇ ይዛ፣ በለቅሶ ቤት እንኳ ደንቧን ሳታጓድል፣ ሰውን ሁሉ ከጠየቀች በኋላ እንዲህ አለችኝ፤ "ኢንተላ ፈለቀ፣ የጋሽ ፈለቀ ልጅ፣ ማሽኑ ዝም ካለ ጀምሮ አባትሽ ናቸው በአፋቸው የሚሉልኝ። በገበያ ቀን እቀመጣለሁ፤ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ የልጄን ወረቀት ከላይ እስከ ታች ይሉልኛል። አንድም ቀን አልረሱም። አሁን ማን ይጠይቅልኛል?" ልጇ እንዳልተመለሰ የዚያን ጊዜ አወቅኩ። አቅፌያት አለቀስኩ። ያለቀስኩት ለአባዬ ነበር፤ ትንሽም ቀንቼባታለሁ፣ ልዋሽ አልችልም።

በማግስቱ ማለዳ የሱቁን ቁልፍ ከሸምሱ ተቀብዬ ገባሁ። ሁሉም እንዳለ ነው፤ አግዳሚው፣ መብራቱን የሚያመጣጥነው ስታብላይዘር፣ ያ ቀይ አቧራ። ኮምፒውተሩ ያው የድሮው ነው፤ በየጊዜው እየተጠገነ አብሮት አርጅቷል። መንገዱን ሁሉ አንድ ነገር ተስፋ ሳደርግ ነበር የመጣሁት። እኔ ከሄድኩ በኋላ ደብዳቤዎቹን መልሶ አስገብቷቸው ይሆናል፤ ስጫነው አንድ በአንድ ይከፈቱ ይሆናል፤ ምናልባት ከመካከላቸው የኔ ስም ያለበት አንድ ይኖር ይሆናል፤ የኔስ ጉዳይ መቼ አለቀና። ሻይ በፔርሙስ ይዤ ሄጄ ነበር፣ ሁለት ብርጭቆም ይዤ ነበር። ቁልፉን ተጫንኩና አግዳሚው ላይ በድሮ ቦታዬ ተቀመጥኩ። የፔርሙሱን ክዳን ሳልከፍት ኮምፒውተሩ ተነሳ። ሞኒተሩ ላይ ሰማያዊ ሜዳ ብቻ ነበር። ፎልደሩን ከፍቼ አየሁት፤ የአማርኛው ፕሮግራም ብቻውን ተቀምጧል።

ሞኒተሩ ጥግ ላይ ያ ግማሽ ወረቀት አለ። ማርከሩ እንዳይደበዝዝ፣ ወረቀቱ በአቧራ እንዳይበላ፣ አባዬ ከላዩ ግልጽ ፕላስተር ለጥፎበታል፤ የላዩ ሲያረጅ ሌላ፣ እሱም ሲያረጅ ሌላ፣ ጠርዙ ላይ በጥፍሬ ስቆጥረው አራት ድርብ ሆኖ አገኘሁት። ምንም ነገር እንዳታስገባ ብዬው ነበር፤ ምንም ነገር አላስገባም። እዚያው ተቀምጬ ሒሳቡን ሠራሁት፤ በቀን ሃያ ደቂቃ፣ ከእሑድ በቀር በሳምንት ስድስት ቀን፣ ነገሌን ለቅቄ እስክሄድ ሦስት ዓመት፤ ሦስት መቶ ሰዓት ገደማ ነው የቆጠብኩለት። ሁለቱንም ብርጭቆ ቀዳሁና አንዱን ጠጣሁ።

ናትናኤል ትናንት ጠዋት መፍቻውን ይዞ ቃሉን አክብሮ መጣ። ተወው፣ እንዲሁ ይሁን አልኩት፤ ምክንያቱን ሲጠይቀኝ አርጅቷል፣ አታድክመው አልኩ። እየሳቀብኝ ሄደ። ላፕቶፑ ሰባት ደቂቃውን እስኪጨርስ፣ አቧራው እየሸተተኝ፣ የሰዎቹን ስም አንድ በአንድ ለመጥራት እሞክራለሁ፤ አዴ ሎኮ፣ የወደራው መምህር፣ ወንድሙን ማስከፋት ያልፈለገው የአሬሮ ሰው። አባዬ አርባ አንዱንም በልቡ ይዞ ሞተ። እኔ ደጋግሜ ብቆጥር ብቆጥር ዘጠኝ ላይ እቆማለሁ።